ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል፣ ቃል ማንበብ ግን አቃተው፤ ከየት እንጀምር?

የናቲ እናት፦
ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ 1ኛ ክፍል። ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ይለዋል። ገበታው ላይ «ቤ»ን ብቻ ነጥዬ ሳሳየው ግን «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» እያለ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። «ወንድም» የሚለውን «ወ... ን... ድ... ም» ብሎ ይጨርስና ምን አልክ ሲባል ዝም። የቤት ሥራው ፊደል ገጽ ሙሉ መገልበጥ ነው። አባቱ «ከሀ እንደገና ይጀምር» ይላል። ማታ ማታ 20 ደቂቃ አለን፤ ምን ብናደርግበት ይሻላል?

መምህር ዘአንደኛ ክፍል፦
እንደገና ከሀ አያስጀምሩት። ቅደም ተከተሉን አውቆታል፤ ችግሩም እሱ ነው፣ ዜማው ይመራዋል እንጂ ዓይኑ ፊደሉን አላየም። ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል በኅብረት ሲባል ይህ አይታወቅም፤ የማያውቀውም ከሚያውቀው እኩል ይጮሃል።

መጀመሪያ የጎደለውን ይለዩ። 30 ያህል ፊደል አዘበራርቀው ይጻፉና አንድ በአንድ ይጠይቁት። እንዳየ የመለሰውን ምልክት ያድርጉበት። ቆጥሮ የደረሰበትን ግን «ያውቀዋል» ብለው አይለፉት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ኃምስ (5ኛው)፣ ሳድስ (6ኛው) እና ሳብዕ (7ኛው ቅርጽ) ላይ ነው፤ በቆጠራ ሩቅ ናቸውና።

ከዚያ የገበታውን ተራ ይተዉትና ቃል የሚወጣባቸውን ቤቶች (አንድ ፊደል ከነሰባት ቅርጹ አንድ ቤት ነው) ይያዙ። በበ፣ ለ፣ መ፣ ተ እና ረ ቤት ብቻ በር፣ ብር፣ ቤት፣ በሬ፣ ላም፣ ማር፣ ሎሚ፣ ተራራ፣ ተማሪ፣ መብራት ይጻፋሉ። ከብስኩት ካርቶን ካርድ ቆርጠው በየማታው 5 ፊደል ያቅርቡለት፤ 3ቱ የሚያውቃቸው፣ 2ቱ አዲስ። አምስቱንም አዲስ ካደረጉት ወዲያው ወደ ቆጠራው ይመለሳል። 10 ደቂቃ ካርድ፣ 10 ደቂቃ በእነዚያው ፊደላት የተሠሩ ቃላት።

«ወንድም» ላይ ያቃተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሳድስ ለብቻው ሲጠራ ትንሽ ድምፅ ከኋላው ይከተለዋል፤ ቃል ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ያ ድምፅ ይጠፋል። «ቤት» ላይ «ት» ያለዚያ ድምፅ ነው የምትቀረው። ስለዚህ አራቱን ፊደል ለየብቻ ከጠራ፣ ቢደማመሩም ጆሮው «ወንድም»ን አይሰማም። «ወን» ሥር አንድ ቅስት፣ «ድም» ሥር ሌላ ቅስት ይሳሉለትና ጣቱን እያሳለፈ እያንዳንዱን በአንድ ትንፋሽ ይበለው። ሳድስ መጨረሻ ላይ ከሚመጣባቸው ባለ ሁለት ፊደል ቃላት ይጀምሩ (በር፣ ላም)፣ ቀጥሎ መሐል ላይ ያለባቸው (ወንበር፣ መስኮት)። «ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ አምስቱም ፊደሉ ሳድስ ነው፤ እሱን አሁን አያምጡበት።

መገልበጡን በተመለከተ፣ ለንባብ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። ልጁ አፉን ዘግቶ ሌላ እያሰበ ገጹን ይሞላዋል።

አቡጊዳ፦
መገልበጡን እንዲህ መጣሉ ላይ ከመምህር ጋር አልስማማም። እየጠራ ከጻፈው የእጅ ጽሑፉም ይስተካከላል፣ ቅርጹም አእምሮው ውስጥ ይቀራል። እንደሚሻል የማምንበት ግን ቃል ጽሕፈት ነው፤ በየማታው 5 ቃል ጥሪለትና ይጻፍ። «ቤት»ን «በት» ብሎ ከጻፈ የትኛው ፊደል እንዳልገባው እዚያው ታያለሽ።

ዜማውን ለመስበር ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት መላ አለው። ሀ ሁ ካለቀ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ» እያለ የሚያስኬደው ለዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት ስለሚመጣ በቆጠራ አይደረስበትም። ግን እሱንም በቃሉ እንዳይዘው ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አስነብቢው።

33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ አንድ በአንድ ከተያዘ አያልቅም። ካዕብ (2ኛው) ወገቡ ላይ በቀኝ ጭረት፣ ሣልስ (3ኛው) እግሩ ላይ ጭረት፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት እንዳለው በ«ቡ ቢ ቤ» እና በ«ሉ ሊ ሌ» አሳዪው። ረ እና ፈ ከደንቡ ይወጣሉ (ሩ፣ ፉ፣ ሪ፣ ፊ)፤ ሳድስ ደግሞ እንደየቤቱ ስለሆነ በካርድ ብቻ ነው የሚጠናው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘን በአንድ ሳምንት አታምጪበት። አንዱ እስኪጠና ሌላው ይቆይ፣ አለዚያ ሁለቱም ይምታቱበታል። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ሲያያቸው ይጥራቸው፤ ጽሑፉ ላይ «ሰላም»ን በሠ ቢጽፍ ለጊዜው አትቆጪው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ውጭ አገር ለምታሳድጉ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ልጁ ድምፁን በትክክል አውጥቶ ትርጉሙን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ቃላቱ ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚሰማቸው ይሁኑ፦ ውሃ፣ ወተት፣ ሽሮ፣ አያት፣ ና፣ ብላ። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ ለጆሮው አንድ ከሆኑበት በዓይን ማስጠናቱ አይጠቅምም። አስቀድማችሁ በጆሮ አለማምዱት፤ «ቀበረ» ወይም «ከበረ» በሉና የትኛው እንደሆነ በካርድ ያመልክት። እጁን አፉ ፊት አድርጎ «ከ» ሲል ትንፋሹ መዳፉን ይመታዋል፣ «ቀ» ሲል ግን እንደዚያ አይመታውም። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ አትስጡት፤ አንዴ ካገኘው ፊደሉን አያየውም።

የናቲ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር፦ ከእኔ ይልቅ አያቱ ናቸው ማታ አብረውት የሚሆኑት፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። «ገና»ን ሲያነብ ደግሞ አንዴ አጥብቆ አንዴ አላልቶ ነው የሚለው።

መምህር ዘአንደኛ ክፍል፦
ማጥበቅና ማላላት በጽሑፋችን ምልክት የለውምና ቃሉን ነጥለው አያርሙት። «ልጁ ገና አልመጣም» እና «ለገና ዶሮ ተገዛ» የሚሉትን እስከ መጨረሻው ያንብብ። ስሜት ካልሰጠው ራሱ ተመልሶ ያስተካክላል፤ ካልተመለሰ «እንዲህ ይባላል እንዴ?» ብለው ይጠይቁት።

አያቱ ደግሞ እንዲያውም ይመቻሉ። ፊደሉን አይተው ቀድመው ሊነግሩት አይችሉም፣ እሱም የሳቸውን አፍ አይጠብቅም። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ስንጥር ይዞ እየጠቆመ ያንብብላቸው፤ እሳቸው «ማን መጣ? ከዚያስ?» ይበሉት። ስንጥሩ ሳይንቀሳቀስ ወሬው ከቀጠለ እያነበበ ሳይሆን እየፈጠረ ነው፤ ያንን ለማየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም።