የስኳር መለኪያውን ማየት አስጠላኝ፤ ስንፍና ነው ወይስ ሌላ በሽታ?

የአዳማ መስመር
ሰላም ለሁላችሁ። 51 ዓመቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ሚኒባስ እነዳለሁ። ዓይነት ሁለት ስኳር ከተገኘብኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ።

መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ደብተር ገዝቼ ቁጥሩን በየቀኑ እጽፍ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን መለኪያውን አልነካሁትም። ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነው። ብድር ያለብኝ ይመስል መሳቢያውን ስከፍት ዓይኔን አዞራለሁ።

ባለፈው የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ገና ሳህን ሳነሳ እህቴ ከወዲያ ማዶ «ጋሼ፣ እሱ ላንተ አይሆንም!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄን ያህል ሰውዬ!

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፌ ይጠፋል። ኳስ እንኳን አያጓጓኝም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ሐኪሙም ወረቀቱን አይቶ «ጨምሯል፣ ራስዎን ይጠብቁ» ብሎ ቀጣዩን ይጠራል። እንደኔ የሆነ ሰው አለ?

ሲስተር
ጋሼ፣ የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ይህን ነገር በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ሊወጡ ሲሉ፣ የበሩን እጀታ ይዘው ነው። ስንፍና አይደለም።

አንዳንዱ ሰው የሚሰለቸው ስኳሩ ራሱ ነው፦ መውጋቱ፣ ምግቡ፣ የቤተሰብ ቁጥጥሩ። ከዚያ ውጭ ግን ይስቃል፣ ይጫወታል። ድባቴ ሌላ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ይከፋዋል፤ የሚወደው ነገርም አይጥመውም። እርስዎ እንቅልፉንም ኳሱንም ስላነሱ ቢመረመሩ ይሻላል፤ እዚህ ሆኜ ልወስንልዎ አልችልም። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ድባቴ ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ይታያል። የከፋው ሰው መድኃኒቱን ይዘላል፣ ስኳሩ ይወጣል፤ ስኳሩ ሲወጣ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ ያድርና ጠዋት ዝሎ ይነሳል።

ሌላም አለ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያወርድ ይችላል። እሱ ሲያንስ ድካም፣ የእግር መደንዘዝ፣ መከፋትም ይመጣል። «ቢ12 እና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ይታይልኝ» ይበሉ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ሰው ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ።

ቆራጡ
ድብርት የሀብታም በሽታ ነው። ሺፈራው አፍልተህ ጠጣ፣ ስፖርት ሥራ፣ ያልፋል።

የሜሪ እናት
ሺፈራውን እኔም ጠጥቻለሁ፣ ጸበልም ሄጃለሁ። ሰውየው ግን ስለ ልቡ ነው የጠየቀው።

ወንድሜ፣ ስኳር ከያዘኝ 11 ዓመቴ ነው። እኔም እንዳንተ ሆኜ ነበር፤ ሐኪም ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት አዘዘልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ለውጥ ስላላየሁ ልተወው ነበር። አምስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ቡና ስቆላ ልጄ «እማ፣ ዘፈንሽ እኮ!» አለችኝ። እኔ አላወቅኩም።

እህትህን ደግሞ ለብቻዋ ጥራትና «ሳህኔን አትጠብቂብኝ፣ ማታ ማታ አብረሽኝ ተራመጂ» በላት። እኔ ለባሌ እንደዚያ ብየው አኩርፎ ነበር፤ አሁን ግን ጫማውን ቀድሞኝ ያደርጋል።

የአዳማ መስመር
እግዜር ይስጥልኝ። እግሬም ይደነዝዘኛል፤ የመንዳት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ትናንት ማታ ለባለቤቴ መናገር አቃተኝ፤ ስልኩን ሰጠኋትና «አንብቢው» አልኳት። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ምንም ሳትል ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። ጣቴን እሷ ናት የወጋችኝ። 268። ደብተሩን ፈልጋ ጻፈችው። ማክሰኞ አብራኝ ትሄዳለች።