የእናቴ ሄሞግሎቢን 9.8 መሆኑ ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (ደሴ)፦ የ61 ዓመት እናቴ ድካም ስለበረታባቸው ሙሉ የደም ምርመራ አድርገው ሄሞግሎቢናቸው 9.8፣ ኤም.ሲ.ቪ. 70 ሆኗል። ወረቀቱን እንጂ ማብራሪያ አልሰጡንም።

መልስ 1፦ የሴት ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነችና ሰውነት በከፍታ ቦታ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ስለሚያመርት፣ የእናትዎ ማነስ ቁጥሩ ከሚያሳየው የባሰ ነው። ኤም.ሲ.ቪ. (የቀይ የደም ሴሎች አማካይ መጠን) ከ80 በታች ሲወርድ ቀይ የደም ሴሎቹ ትናንሽ ናቸው ማለት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ስለሆነ ፌሪቲን (በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ያስለኩላቸው።

መልስ 2፦ በእርሳቸው ዕድሜ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚፈስ ደም ሊኖር ስለሚችል፣ ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል።

ጠያቂ፦ ጀበናው ከቤታችን አይጠፋም፤ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣሉ። ስለ ሰገራው ግን አልጠየቅናቸውም፤ ነገ ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ።