ሆድ ዕቃ ውስጥ «ጅማት» ይባላል?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ለማስተምራቸው የነርስ ተማሪዎች የአናቶሚ ማስታወሻ በአማርኛ ሳዘጋጅ እዚህች ላይ ቆምኩ፦ «ጉበትን ከፊተኛው የሆድ ግድግዳና ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) ጋር ማጭድ መሰል ጅማት ያያይዘዋል።» ፋልሲፎርም ሊጋመንት ማለቴ ነው። ጅማት ስል ተማሪው የጉልበቱን ያስባል፤ ይሄ ግን ሆድ ዕቃን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን፣ ፔሪቶኒየም፣ በድርብ ታጥፎ የሠራው ነው። ምን ልበለው?

መሪጌታ ዘሐይቅ፦ ልጄ፣ ጅማትን የት ታገኘዋለህ? ሕዝቅኤል 37 ላይ፣ የደረቁት አጥንቶች ሲነሡ። ከአጥንት ጋር ነው የሚሄደው። ግእዙ «መትን» ይለዋል። ጉበት አጥንት አለው?

ቦርከና፦ መትን ካሉማ የእኛም ደረሳ ያውቀዋል! በዐረብኛ መትን ጀርባ ነው፤ የኪታቡም ዋና ጽሑፍ መትን ይባላል፣ የዳር ማብራሪያው ሐሺያ። እንግዲህ መትን ማለት ተሸካሚ ነው፤ ጉበትንም ይሸከማል። ሊጋመንትን ዐረቦቹ ራሳቸው ሪባጥ ነው የሚሉት፣ ማሰሪያ።

መሪጌታ ዘሐይቅ፦ ድምፅ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም። እንደዚያማ ከሆነ ጅማትም ከጅማ መጣ በለኛ።

ቦርከና፦ ሃሃሃ፣ ኧረ እሱን እንኳ አልደፈርኩም መሪጌታ።

ባለሉካንዳ (ኮምቦልቻ)፦ በግ ስንበልት ጅማት የምንለው ከታፋና ከወርች የሚወጣውን ነው። ሆድ ዕቃ ውስጥ ጅማት አለ የሚል ሰው ቢላ ይዞ አያውቅም። እዚያ ያለው ሞራ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ሞራውማ ትልቁ ኦመንተም ነው፣ ከጨጓራ ወርዶ አንጀቱን ይሸፍናል፤ እሱ አላስቸገረኝም። ይሄኛው ግን ጠርዙ ላይ ክብ ገመድ አለው፤ ፅንስ እያለን ከእትብት ወደ ጉበት ደም ያደርስ የነበረው ሥር ተዘግቶ የቀረ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ቆይ ቆይ። «እትብቴ የተቀበረበት አገር» እያልን ስንፎክር ትራፊው ጉበታችን ሥር ነው ማለት ነው?

ቦርከና፦ አብሽሪ እህቴ፣ ደሴን ይዘሽ ትዞሪያለሽ።

መሪጌታ ዘሐይቅ፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ሥር የነበረ ነገር ደሙ ስለቆመ ጅማት አይሆንም። ሥር ነው፤ በንጉሡ ሠ።

ባለሉካንዳ (ኮምቦልቻ)፦ ደም የሌለው ሥር ሲያኝኩት ጅማት ነው መሪጌታ።

መሪጌታ ዘሐይቅ፦ ሰዋስው በጥርስ አይጻፍም!

ሰኞ ገበያ፦ ወጌሻውስ? «ሥሩ ዞሯል» ብሎ የሚያሸው ደም ሥሩን ነው፣ ነርቩን ነው ወይስ ጅማቱን? ለእሱ ሁሉም ሥር ነው።

መሪጌታ ዘሐይቅ፦ ወጌሻ ያሻል እንጂ አይፈታም። ቃል የሚፈታው ሌላ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ወገኖቼ፣ ገና የትራይትዝ ሊጋመንት አለብኝ። ዱኦዲነምና ጀጁነም፣ የትንሹ አንጀት የመጀመሪያና ሁለተኛ ክፍል፣ የሚገናኙበትን መታጠፊያ ወደ ድያፍራም ስቦ የሚይዘው፤ እሱ ደግሞ ጡንቻም አለበት። ሁሉንም «ማንጠልጠያ» ልበል?

መሪጌታ ዘሐይቅ፦ ማንጠልጠያ የልብስ ነው። አትቸኩል፣ መጀመሪያ «ሥር»ን እንጨርስ።