ልጅን ወደ ተወለደበት አገር በቡድን ጉብኝት መውሰድ፦ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

እናት፣ ከሚኒሶታ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላማክራችሁ። እኛ አካባቢ ከኮሪያ በማደጎ የመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጎረቤቴም ሁለት የኮሪያ ልጆች ታሳድጋለች። ወንዱ 13፣ ሴቷ 10 ዓመታቸው ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከሌሎች አሳዳጊ ቤተሰቦች ጋር በቡድን ወደ ሴኡል ልትወስዳቸው ቲኬት ቆርጣለች። ቤተ መንግሥት ያያሉ፣ ገበያ ይዞራሉ፣ ኪምቺ የሚባለውን የኮሪያ ምግብ መሥራት ይማራሉ። ከዚያ የጉዲፈቻ ፋይላቸውን ያያሉ። ሕፃን ሳሉ ያቆየቻቸውን ሞግዚትም ያገኛሉ። ትንሿ ሻንጣዋን ከአሁኑ ሸክፋለች። ትልቁ ግን አልሄድም ብሎ ክፍሉን ዘግቷል። እኔ "ተባረኪ፣ ደግ አደረግሽ" ነበር ያልኳት። ባለቤቴ ደግሞ "ልጅን ለገዛ አገሩ ቱሪስት ማድረግ ምን ይሉታል?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ተማሪ፣ ከሴኡል፦
እህቴ፣ እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። አይሂዱ። እዚህ ስማር ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች አስተርጉሜያለሁ። አንዱን ቀን ልንገርሽ።

ልጆችን ወደ ውጭ ይልክ በነበረ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ቀጭን ፋይል አለ። ሠራተኛዋ ገጹን ስትገልጥ አንዱን መስመር በነጭ ወረቀት ትሸፍናለች። የወላጅ እናት ስምና አድራሻ ያለ እሷ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሕጉ ነው። አሳዳጊ እናት ጥያቄዋን በደብተር ጽፋ መጥታለች። እየጠየቀች ታለቅሳለች። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፤ አላለቀሰችም። ሶፍት እያወጣች ለእናቷ ታቀብላለች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "የኮሪያ ስሜን ያወጣችልኝ እናቴ ናት?" ሠራተኛዋ "አይ፣ እዚሁ ቢሮ ነው የወጣልሽ" አለቻት። ያንን ቃል ለልጅቷ የነገርኳት እኔ ነኝ። ወጥተን ወዲያው አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ቀጥሎ የነበረው ፕሮግራም ሀንቦክ የሚባለውን የኮሪያ የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሣት ነው። ልጅቷ ፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች።

በዚህ ጉዞ ላይ ልጁ የራሱን ሐዘን ውጦ የወላጆቹን ሆድ ሲያባብል ይውላል። እኔን ያስጠላኝ እሱ ነው።

ሠራተኛ፣ ከስቶክሆልም፦
ወንድሜ፣ ያየኸውን አልክድም። ግን ሌላውንም ስማ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በ1970ዎቹ ከኮሪያ ስዊድን የመጣች ናት። አሳዳጊዎቿ ደግ ሰዎች ነበሩ። ስለ ኮሪያ ግን ቤት ውስጥ አይነሣም። "አንቺ የኛ ነሽ" ብለው ዘጉት። ብቻዋን የሄደችው በ41 ዓመቷ ነው። ቋንቋ የላት፣ የሚያውቃት የለ። ሦስት ቀን ሆቴል ተኝታ ተመለሰች። "አባቴ አብሮኝ ቢሆን ኖሮ ከአልጋዬ ያስነሣኝ ነበር" አለችኝ። "ይደግና ብቻውን ይሂድ" የምትሉ ይህን አስቡት። ደግሞም ወላጅ እናቶቹ እያረጁ ነው። እስኪያድግ ሲጠበቅ የሚፈልጋት ሰው ልትሞት ትችላለች።

የዘማች ልጅ፣ ከአዲስ አበባ፦
ልጆቼ፣ አባቴ የቃኘው ሻለቃ ጦር ወታደር ነበር። ኮሪያ ዘምቶ ተመልሷል። የኛ ወታደሮች ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ከደመወዛቸው እያዋጡ ያበሉ ነበር። አባቴ ስለ ውጊያው አይተርክም። ስለነዚያ ልጆች ከተነሣ ግን ድምፁ ይለወጥ ነበር። ልጅ ያሳደገ ሰውን እንደ በደለኛ አትዩብኝ። ያኔ የነበረው ችግር እውነተኛ ችግር ነው።

ተማሪ፣ ከሴኡል፦
እማማ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ቹንቾን ያለውን የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄጄ አይቻለሁ፤ እንባዬ ነው የመጣው። ግን ዓመቱን ይዩልኝ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ጦርነቱ የቆመው በ1953 ነው። ከሁሉ የበለጠ ልጅ በጉዲፈቻ ከአገር የወጣው በ1985። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ8,800 በላይ። ተኩሱ ከቆመ 32 ዓመት በኋላ፣ ከሴኡል ኦሊምፒክ ሦስት ዓመት በፊት። ከጦርነቱ ወዲህ የወጡት በጠቅላላው ወደ 200,000 ይገመታሉ። ብዙዎቹን የወለዱት ያላገቡ፣ ሰው ያገለላቸው እናቶች ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ግን ወላጅ ያለው ልጅ ሳይቀር "ተጥሎ የተገኘ" ተብሎ ይጻፍ ነበር። እንዲያ ሲሆን ለመላክ ይቀላላ!

ይህ የኔ ሐሜት አይደለም። የኮሪያ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በማርች 2025 በ56 ሰዎች ጉዳይ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፕሬዚዳንት ሊ ጄ ሚዮንግ ይቅርታ ጠየቁ። የጉዲፈቻ ሥራውም ከግል ድርጅቶች ወደ መንግሥት ዞሯል። እንግዲህ ልጁ ፊት "ይኸው ታሪክህ" ተብሎ ፋይል ሲዘረጋ፣ ውስጡ ያለው እውነት ለመሆኑ ማነው ዋስ የሚሆነው?

ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ፦
ኮሪያን አላውቅም፤ የኛን ግን አውቃለሁ። የውጭ ጉዲፈቻ እኛ ጋ በሕግ የቆመው በፈረንጅ 2018 ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም አሳዳጊ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ጭኜ ወደ ደቡብ ወርጃለሁ። አንዴ የ11 ዓመት ልጅ ይዘን ወላይታ ገባን። አያቱ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ሰብስባ ጠበቀችው። ጉንጩን ትዳብሳለች፣ ትስመዋለች፣ ታወራዋለች። ልጁ አንድ ቃል አይገባውም። ግን እጇን አለቀቀም። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ "ተነሡ፣ ሳይመሽ ሆቴል እንግባ" ተባለ። አሮጊቷ መዳፏን የመኪናው መስታወት ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ ነኝ መኪናውን ያስነሣሁት።

መምጣታቸው ጥሩ ነበር። ያጠፉት ቶሎ መነሣታቸው ነው። ፏፏቴውንና ሐይቁን ትተው ሳምንት ቢያድሩ ምን ነበረበት?

መምህርት፣ ከዋሽንግተን፦
ሁላችሁም ስለ ልጁ አወራችሁ። ልጁ ግን መልሱን ሰጥቷል፤ አልሄድም ብሏል። ትንሿ ትሂድ። እሱ ይቅር ካለ ይቅር። በግድ የተወሰደ ልጅ ያቺን አገር ዳግመኛ ማየት አይፈልግም።

ሠራተኛ፣ ከስቶክሆልም፦
እዚህ ላይ እለይሻለሁ እህቴ። እምቢታው ፍርሃት ቢሆንስ? ባልደረባዬም "በ13 ዓመቴ ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር" ትላለች። አሁን የሚቆጫት እሱ ነው።

መምህርት፣ ከዋሽንግተን፦
ፍርሃት ከሆነ፣ ምን እንደሚፈራ ይጠየቃ! ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ነበር መጠየቅ የነበረበት።

ተማሪ፣ ከሴኡል፦
የሹፌሩ ነገር ሲያሳስበኝ አደረ። ፓጁ በምትባል የኮሪያ ከተማ ውስጥ ኦማ ፑም የሚባል መናፈሻ አለ። "የእናት እቅፍ" ማለት ነው። የአሜሪካ ጦር ሰፈር በነበረበት ቦታ ላይ ለጉዲፈቻ ልጆች የተሠራ ነው። አንዱን ቡድን እዚያ ስንወስድ ምንም ፕሮግራም አልነበረንም። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ወላጆቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ማንም ማንንም አላባበለም። ጥሩ ቀን ነበር። ስለዚህ "አይሂዱ" ያልኩትን አንሥቻለሁ። የፋይሉ ቀንና የፎቶው ቀን ግን አንድ አይሁኑ። በዚህ አልደራደርም።

እናት፣ ከሚኒሶታ፦
ተባረኩ። ትናንት የጻፋችሁትን እየተረጎምኩ ለጎረቤቴ አነበብኩላት። የነጩ ወረቀት ላይ ስደርስ "በቃ" አለችኝ። ማታ የልጁን በር አንኳኩታ ምን እንደሚያስፈራው ጠየቀችው። "ፋይሌን እናንተ አንብባችሁታል፣ እኔ አላነበብኩትም። ሰው ፊት መጀመሪያ ማየት አልፈልግም" አላት። ይህን ሁሉ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር ወረቀቱ! አውጥታ ሰጠችው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ሲያነብ አደረ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ጠዋት ስለ ጉዞው ምንም አላለም። እሷም አልጠየቀችውም። ቲኬቱን እስከ ዓርብ መመለስ ይቻላል ብላኛለች።