ተማሪዎች ጭብጥን ከምክር እንዲለዩ እንዴት ልርዳቸው?

ጠያቂ (የ7ኛ ክፍል የአማርኛ መምህር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ በድርቅ ዘመን ተሰብስበው ድርቁን ያመጣው የማን ኃጢአት እንደሆነ ለማወቅ ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን ተረት ካነበብን በኋላ፣ ጭብጡን (ተረቱ የሚያስተላልፈውን ዋና ሐሳብ) በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ተማሪዎቼን አዘዝኩ። ከፊሎቹ «ስለ እንስሳት» ብለው ሲያልፉት፣ የቀሩት «እውነት መናገር ያስገድላል» አሉ፤ አንዳንዶቹም አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ምሳሌያዊ አነጋገር አሰፈሩ። የርእሰ ጉዳይን (ተረቱ ስለ ምን እንደሚያወራ)፣ የጭብጥንና የምክርን («እንዲህ አድርግ» ወይም «አታድርግ» የሚለውን) ትርጉም በደብተራቸው አስጽፌአቸው ነበር፤ ትርጉሙን በቃላቸው ተወጥተው ስሕተቱን ደገሙት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
መምህር፣ ትርጉሙን ለጊዜው ይተዉትና ወደ ተረቱ ይመለሱ። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በግራ በኩል እያንዳንዱ እንስሳ የሠራውን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የተሰጠውን ፍርድ ያስጽፏቸው። አንበሳ በሬ በላ፤ «ይህማ ኃጢአት አይደለም» ተባለ። ነብር ፍየል፣ ጅብም ዶሮ በሉ፤ እነሱም በነጻ ተለቀቁ። አህያ ግን ጌታዋ ከመንገደኛ ጋር ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር በመጋጧ ድርቁን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ተብላ ተበላች። ጥፋቱ እያነሰ ሄዶ ቅጣቱ በትንሹ ጥፋት ላይ ማረፉን በዓይናቸው ሲያዩ፣ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ራሳቸው ያነሡታል። መልሱን የእንስሳቱን ስም ሳይጠሩ ይጻፉት። እኔ ክፍል አንዲት ልጅ «ፈራጆቹ ራሳቸው ጥፋተኞች ሲሆኑ ፍርዱ የሚወድቀው አቅም በሌለው ላይ ነው» ብላ ጻፈች፤ እኔም የጨመርኩበት ነገር የለም።

መልስ 2፦
በሰሌዳው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «እውነት መናገር ያስገድላል» ያሉትን ቸኩለው አያርሟቸው። አራቱም እንስሳት የሠሩትን ሳይደብቁ ተናዝዘዋልና፣ «እንግዲያው አንበሳ ለምን አልሞተም?» ብለው ይጠይቋቸው። ምሳሌያዊ አነጋገር የጻፉትንም ቢሆን አባባሉ ከተረቱ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚገጥም እንዲያሳዩ ያድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ገጥሞ መካከሉ ላይ ይፈርሳል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአንበሳውን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት አቀረብኩላቸው። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ «አንበሳ ጥፍር አለዋ!» አለ። ነገ ከዚህ ዓረፍተ ነገር እንጀምራለን።