የቤዝ ጊታሬ ቫርኒሽ አልደርቅ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በእጄ ቤዝ ጊታር እየሠራሁ ነው። አካሉ ዋንዛ፣ አንገቱ ወይራ ነው። የክሩ ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 12ኛውን ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የሚገጠመውን የብረት ዘንግ) ልክ ግማሹ ላይ፣ 432 ላይ አስቀመጥኩት። ሳይቀባ ክር አስሬ ሞክሬው ነበር። ድምፁን ስሰማ እንባዬ መጣ።

የተቸገርኩት ቀለሙ ላይ ነው። የዋንዛው መልክ እንዲደምቅ ብዬ መጀመሪያ ጥሬ የተልባ ዘይት ቀባሁት። በ3ኛው ቀን ቫርኒሽ ደረብኩበት። ይኸው 12 ቀን ሆነው፣ አሁንም ጣት ይይዛል። ክንዴን ሳሳርፍበት ፀጉሬ ይለጠፋል። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ ቤቱም ቀዝቃዛ ነው። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ እንደሚደርቅ ያወቅሁት ከቀባሁ በኋላ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የዘይቱ ነው ወይስ የክረምቱ? ብጠብቀው ይደርቃል? ወይስ በቲነር ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ልጀምር? ቲነሩ የአንገቱን ማጣበቂያ እንዳያላላው ፈራሁ። ከሰል አቀጣጥዬ አጠገቡ ላስቀምጥ ብዬም ነበር፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል ብዬ ተውኩት።

ሌላም አለ። አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው እምምም ይላል፤ ክሩን ስነካው ይቀንሳል። የፒክአፑን፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ፣ ጉድጓድ በስስ መዳብ ባለብሰው ይሻላል?

ለእንቁጣጣሽ ከጓደኞቼ ጋር ልጫወትበት ቃል ገብቻለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ በተለይ በዋንዛ የሠራችሁ፣ ያደረጋችሁትን በዝርዝር ንገሩኝ።