ስለቴ ሳይሰምር ምስጋና ላስገባ ወይ?

የሳቢያን እናት

በድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር የምኖር የአራት ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ እንዳለባት የተነገረኝ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነበር፤ እስካሁን አልሄደችም፣ ያለ ድጋፍም አትቀመጥም። ጥያቄዬ ግን ስለ ሕክምናዋ አይደለም።

ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ቡና በተፈላ ቁጥር «ተመስገን በይ፣ ከዚህ የባሰ አለ» ይሉኛል፤ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ዳሩ ግን አንድ ቀን ታይዋን ገበያ ልጄን አዝዬ ስሄድ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት የራሷን ልጅ እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ እኛን አየት አድርጋ «ተመስገን» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሌላው የሚያመሰግንበት «የባሰ» የእኔ ልጅ ከሆነች፣ እኔ ለማመስገን የማንን ልጅ ልፈልግ?

ሌላው ጭንቀቴ ስለት ነው። ልጄ በእግሯ ከሄደች ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ላስገባ ተስዬ ነበር። ቸኩዬ ጃንጥላውን ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጥሁት ሁለት ዓመት አለፈው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በደረሰ ቁጥር አገር ሲንቀሳቀስ እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ስለቱ ሳይሰምር ይዤ ብሄድ ማታለል፣ ብቀር ደግሞ ማኩረፍ ይመስለኛል። በዚህ ያለፋችሁ፣ ምስጋናውን ከየት አገኛችሁት?

የሐረሩ አባት

እህቴ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ አለኝ። እኔ መጀመሪያ ያመሰገንሁት፣ ቢገርምዎትም፣ ምክንያቱን ያወቅሁ ቀን ነው። ዘመድ አዝማድ «የማን እርግማን ነው» እያለ በባለቤቴና በእኔ መካከል ሲያንሾካሹክ ከርሞ፣ አንዲት ሐኪም ዘርን የሚሸከመው 21ኛው ክሮሞሶም በሁለት ፋንታ ሦስት ሆኖ እንደተገኘና ይህም ማናችንም ባደረግነው ነገር የመጣ እንዳልሆነ አስረዳችን። የዚያን ሌሊት ባለቤቴ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅስ ተኛች።

ማመስገን ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ልጄን ላስመዘግብ የሄድሁበት መዋዕለ ሕፃናት ግን «ሌሎች ወላጆች ቅር ይላቸዋል» ብሎ መለሰኝ። በዚህ ዛሬም እናደዳለሁ፤ ንዴቴም ከምስጋናዬ ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ማታ ማታ በመኪና ግርግር እናልፋለን። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ልጄም ያንን ድምፅ በከንፈሩ እያስመሰለ እያንዳንዱን ልብስ ሰፊ በእጁ ካልጨበጠ አይሄድም። የአምስት ደቂቃው መንገድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ድሮ ሰው እንዳያየን እጁን እየጎተትሁ ነበር የማልፈው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ድሬዳዋ

ስለ ሕክምና አልጠየቁም፤ ሆኖም ስለትዎ እግር ላይ ብቻ ስለቆመ አንድ ነገር ልበል። በሴሬብራል ፓልሲ አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት በራሱ እየጨመረ አይሄድም፤ ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ካልተንቀሳቀሱ እየተኮማተሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ በየቀኑ የሚያፍታቱት እጅና እግር ነገ ሳይኮማተር ቢቀር፣ ዓይን የማያየው ትልቅ ውጤት ነው። ስትመገብ ጀርባዋና አንገቷ ቀና ብለው ይደገፉ፤ ተንጋልላ አትብላ፣ ትን ሊላት ይችላልና። ጸበልም ሲወስዷት የታዘዘላት መድኃኒት ካለ አያቋርጡባት። ብዙ እናቶች «መቼ ትሄዳለች» እያሉ ሲጠብቁ፣ ልጆቻቸው አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የያዙበት ሳምንት ሳይታወቃቸው ያልፋል፤ ይህን የምለው ወቀሳ ሆኖ እንዳይወሰድብኝ እየፈራሁ ነው።

እማማ ከመጋላ

ልጄ፣ እኔ መስማት የተሳነው ልጅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። የስለቱን ነገር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ሃይማኖታችን ይለያያልና አልገባበትም። ቁልቢን ግን ራስ መኮንን ተስለው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ እንዳሠሩት ሲነገር ሰምቻለሁ። ድል አድርጎ ማመስገን ለማንም አይከብድም፤ አንቺ የጠየቅሽው ጦርነቱ ሳያልቅ ስለሚመሰገነው ነው።

እኛ ዘንድ «አልሐምዱሊላህ ዐላ ኩሊ ሐል» ይባላል፤ በማንኛውም ሁኔታ ምስጋና ለአላህ ይሁን ማለት ነው። የባሰ ስላለ አይልም፤ የማንም ልጅ እዚያ ውስጥ የለም። «የባሰ አለ» የምትልሽ ጎረቤትም ክፉ ሆና ሳይሆን የምትለው ጠፍቷት ነውና፣ ቃሉን ትተሽ ሥራ ስጫት፤ «ልጅቷን አንድ ሰዓት ያዢልኝ» በያት።

የሳቢያን እናት

እናቴ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የንስሐ አባቴን እሑድ አነጋግራለሁ፤ ጃንጥላውንም ዛሬ አውጥቼ አቧራውን አራገፍሁለት።

ባለሙያው የጻፉልኝን ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ልብሷን ሳለብሳት፣ ሁልጊዜ ጭብጥ ብሎ የሚውለው ግራ እጇ ተፈታና የነጠላዬን ጥለት ያዘ። እኔ ግን ገንፎው እንዳያርብኝ ቸኩዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ተነሣሁ። ዛሬ ጠዋት ነጠላዬን እንደዚያን ዕለቱ አጠገቧ አድርጌ ጠበቅኋት፤ አልያዘችም፤ ነገም እሞክራለሁ። ጎረቤቴን ደግሞ ጠይቄአት ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብላለች፤ ከመጣች እተኛለሁ።